ማሳው የት አለ?

አባይ ማዶ፣ ከጎሚስታው ጎን፣ በቆርቆሮዋ ጥላ፣
ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ፣ ገብቼ ከኮፈኑ ኋላ፣
ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ገመድ ስስብ፣
በየትኛው ቀዳዳ ጋቢና ላስገባው ብዬ ሳስብ፣
አያ አንሙት ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን ባንድ ትከሻ ጥለው፣
አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እጄን፣ አንዴ ወንዙን አይተው።
«ይሰማ» ነው ያሉኝ፤ «ጎልቶ ይሰማ፣ ሌላም አልሻ።»
የሠርግ ዘፈን መሰለኝ፤ የእስክስታ መነሻ።

ፒክአፕዋ ነጭ ናት፤ ወንበሯ ገና ከነላስቲኩ።
ዘንዘልማ ላይ ልጆች መጥተው በሜትር ሲለኩ፣
ዳጉሳው መሃል ቀይ ችካል ተከሉና
«ከተማው መጣ» ብለው ሄዱ፤ መሬቱም ብር ሆነና
ጎማ አወጣ፣ በር አወጣ፣ ሰሌዳ ለጠፈ።
ይሄን ያወጋችኝ ስለናት ናት፣ ልጃቸው፤
ከእሳቸው አፍ አንድ ቃል አላለፈ።

ክሩስኮቶውን ፈታሁ፤ ቴፑን ከሆዱ ሳብኩ፤
ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ለይቼ ላጥኩ፤
ለፊት በር ግራጫ፣ ለኋላው ወይን ጠጅ፤
ይርሳው ናስትሮ ያቀብለኛል፣ ያው በግራ እጅ።
መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ፊውዝ ከባትሪው አይርቅም፣
ከራቀ፣ ሽቦው ሊነድ ሲል ማንንም አያስጠነቅቅም።
አምፕሊፋየሩን ከኋላ ወንበር ሥር አጋደምኩት፣
ጥቁሩን ገመድ ከወንበሩ ብሎን ጋር አጠበቅሁት።
ሙቀቱ፣ የሐይቁ ትንኝ፣ ላቤ ዓይኔን እያስነባ፣
ቸኮልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ቀድሞኝ ምግብ ቤት ገባ።

ቁልፉ ሲዞር መብራት በራ፤ አረንጓዴ፣ ደስ የሚል።
ሞተሩ ሲነሳ ግን አንድ ድምፅ መጣ፣ ጥዝዝ የሚል፤
ነዳጅ ሲረገጥ ይቀጥናል፣ ሲለቀቅ ይወፍራል፣
ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ መውጫ ይፈልጋል።
«የዲናሞ ጩኸት ነው» አልኩ። ይርሳው ቴስተር አመጣ።
«ሌላ አይደለም፣ አያ አንሙት። ማሳ ነው ያጣ።»

እኛ የሽቦ ሰዎች እንዲህ ነው የምንለው፤
ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጥሎት የሄደ ቃል ነው።
አፌ ስለለመደው ሌላ ፍቺ አልታሰበኝም።

አያ አንሙት ዞሩ።
«ማን ነገረህ?»

ይርሳው መሬት መሬት አየ። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ቆመ።
«የመኪናዋን… ማለቴ…» ቃሌ አፌ ውስጥ ሰጠመ።
ሳቁ! ያን ያህል ሳቅ ከእሳቸው አልጠበቅሁም ነበር፤
«ያለ ማሳማ አይሆንም፤ እስቲ እሷም ታማርር!»

ወንበሩን መልሼ አነሳሁ፤ ብሎኑን ፈታሁ።
ቀለም ላይ ነው ያሰርኩት፤ ብረቱን አልነካሁ።
በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ነጩ እስኪገፈፍ፣
ከነጩ ሥር ግራጫው፣ እንደ አመድ እስኪረግፍ፣
ብረቱ ዓይኑን እስኪገልጥ።
ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ «እንዲያ ነው» አሉኝ፣
«ሣሩን ገልጠህ፣ አፈሩ ጋ ድረስ።»

ከዚያ በጥቁር ክር የታሰረ ፍላሽ ከኪሳቸው አወጡ።
ስለናት በሞባይል የቀዳችው ነው፣ ካቻምና፣ ሳይወጡ።

ዘፈን አይደለም።
መጀመሪያ ነፋስ። ከዚያ ጅራፍ፦ ጧ!
«ና ቡሬ! ያዝ ጎሽሜ! በትልምህ ተመለስ!»
ማረሻው ድንጋይ ሲነካ፣ ቀንበሩ ሲንቋቋ፣
የበሬ ረጅም ትንፋሽ፣ የሰው ሳል፣ የቁራ ድምፅ፣
ከአራቱም በር፣ ያለ ጥዝታ፣ ጥርት ብሎ።
ይርሳው ናስትሮውን እጁ ላይ ይጠመጥማል።
እኔ ሥራዬ ድምፅ ነው፤ ጌይኑን ሩብ ዙር መለስኩ።

በዋጋ ግን ተከራከሩኝ! ሁለቴ ቁልፍ አስነስተው
ሁለቴ አጠፉ፤ መቶ ብር አስቀነሱኝ፣ መርቀው፣ ከፍለው።

ወደ ድልድዩ አቀኑ፣ መስኮቱን አራቱንም ከፍተው።
ከአስፋልቱ ዳር ደንገል የጫነ ጋሪ ቆሟል።
ጅራፉ ጧ! ሲል ፈረሱ በረገገ፣
ባለጋሪው ልጓም ይዞ ይጎተታል፣ ይሳደባል፣
ደንገሉ መንገድ ላይ ተበተነ።
ፒክአፕዋ ቆመች። በሩ ተከፈተ።
አያ አንሙት ወርደው አንገቱን ይደባብሱታል፣
ሞተሩ እንደበራ፣ እርሻው እየታረሰ፣
«አይዞህ» ሲሉት እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣
«አይዞህ ቡሬ።»

ባለጋሪው ሊናገር አፉን ከፈተ፣
ተወው።